ከጉልበት በታች

የፀደንያ ጫማ በየእርምጃው እየከበደ መጣ። ከሰባታሚት አስፋልት ወርዳ በእርሻዎቹ መካከል ከገባች ግማሽ ሰዓት ቢሆናት ነው፤ ጥቁሩ አፈር ግን እግሯን አልለቅ አለ። አሥር እርምጃ ትሄድና ትቆማለች፤ ጭቃውን በዱላዋ ጫፍ ትፍቃለች፤ ደግሞ አሥር እርምጃ ትሄዳለች። ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ሁሉ እዚያው ቆማ በስልኳ ትጽፈው ነበር፤ «ከአስፋልቱ እስከ ባሕር ዛፉ ጭቃ ነው፤ ዱላ አትርሱ»። ዛሬ ስልኩን ከኪሷ ማውጣት እንኳ አልፈለገችም።

«የቅዳሜ እግሮች» ይባላል ማኅበራቸው። ፔዳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚያስተምሩ መምህራን፣ የባንክ ሠራተኞች፣ የፋብሪካ ሰዎች፣ ሥራ ከየአገሩ አምጥቶ ባሕር ዳር የጣላቸው አርባ ያህል ሰዎች ናቸው። ቅዳሜ ተራራ ይወጣሉ፤ እሑድ ጉልበታቸውን ሲያሹ ይውላሉ። ከአዳማ የመጣችው ፀደንያ ደግሞ የማኅበሩ ዓይን ናት። የዓመት ፈቃዷን በግማሽ ግማሽ ቀን እየቆረሰች ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የቅዳሜውን መንገድ አስቀድማ ትሄድበታለች፤ ማታ በቴሌግራም «የመንገድ ሁኔታ» ብላ ትጽፋለች። ጽሑፏ አጭር ነው፤ «ምናልባት» የሚባል ቃል አይገባበትም። «ዳገቱ ድጥ ነው። በግራ በኩል ውጡ።» «ሁለተኛው ጅረት ደርቋል።» «ውሻ አለ። ድንጋይ ሳታነሱ ዝም ብላችሁ እለፉ።» ሰዉም እሷ ባለችው ይሄዳል፤ ውሻው እንኳ እሷ ካለችው ቦታ ዝንፍ ብሎ አያውቅም።

በመሥሪያ ቤቷ ፀደንያን የሚያውቋት በመስኮቷ ነው። መስኮት ቁጥር አራት ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጣ የሰው ማስረጃ ላይ ማኅተም ስትመታ፣ ስምሽ ማን ነው ያላት ባለጉዳይ የለም። በማኅበሩ ግን «ፀዲ ካለች አለቀ» ይባላል። ይህችን አባባል ትወዳታለች። ከደመወዟ አስበልጣ ትወዳታለች ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

ባለፈው ሐሙስ አለቃዋ ድንገት ስብሰባ ጠርቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አቆያት። ሰባታሚት ስትደርስ ሰማዩ ጠቁሯል። ዳገቱ አጋማሽ ላይ አንሸራተታትና ወደቀች፤ ሱሪዋ እስከ ዳሌዋ ጭቃ ሆነ። ከሸንተረሩ ማዶ ጥቁሪት የምትባል ወንዝ አለች፤ የቅዳሜው ጉዞ ትልቁ ጉዳይ እሷ ናት፤ እሷን ሳይሻገሩ ወይራ አምባ ተራራ ላይ አይወጣም። ፀደንያ ወንዙ ጋ ለመድረስ አንድ ሰዓት ሲቀራት ቀኑ መሸባት። ሸንተረሩ አፋፍ ላይ፣ የመጨረሻዋ ቤት ደጃፍ፣ አንዲት አሮጊት በቆሎ ሲፈለፍሉ አገኘች።

«እማማ፣ ጥቁሪት እንዴት ናት?» አለቻቸው።

«ጎድላለች ልጄ፤ ሕፃንም ይሻገራታል» አሏት።

ይኸው ነው። ከዚያው ተመለሰች። ማታ ገላዋን ታጥባ ሻይዋን ይዛ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ጥቁሪት ወንዝ፦ ከጉልበት በታች። ሥሩ ጠንካራ ጠጠር ነው። ያለ ሥጋት ይሻገራል።» አምና በኅዳር ያነሳችውን የወንዙን ፎቶም አያይዛ ላከችው። «አየሁት» አላልኩም፣ እያለች ራሷን ስታጽናና አደረች። እርግጥ ነው አላለችም፤ «አላየሁትም» ግን ብላ አታውቅም፤ ይህን አንድ ጊዜ ብትጽፍ ያቺ «ፀዲ ካለች» የምትባለው ነገር የምትቀርባት መሰላት።

ዓርብ ማታ አገርነሽ ጻፈችላት። አገርነሽ በአንድ ፋብሪካ የጨርቅ ጥራት ትቆጣጠራለች፤ ብዙ አታወራም፤ ዳገት ላይ ሁልጊዜ ከኋላ ናት፤ ግን አንድም ቅዳሜ ቀርታ አታውቅም። «ልጄ ዜማ ካልወሰድሽኝ ብላ አስጨንቃኛለች» ይላል መልእክቱ። «አሥር ዓመቷ ነው፤ ዋና አታውቅም። ውኃው እውነት ከጉልበት በታች ነው?» ፀደንያ «ሐሙስ ወንዙ ጋ አልደረስኩም» ብላ ጻፈችና አጠፋችው። መልሳ ጻፈችው፤ መልሳ አጠፋችው። በመጨረሻ የላከችው አንድ ቃል ነበር፤ «አምጫት»።

ሌሊት ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ታዲያ ደስ አላት። ደስ ማለቷ ወዲያው አሳፈራት፤ ደስታው ግን ከነኀፍረቱ አብሯት አደረ። ወንዙ ሞልቶ ቢገኝ ሌሊት በዘነበው ነው የሞላው፤ ስለ ሐሙስ የሚጠይቅ አይኖርም። ንጋት ላይ፣ «ሌሊት ዘንቧል። ቀድሜ ሄጄ ጥቁሪትን አያለሁ፤ እዚያው እንገናኝ» ብላ ላከች። በቴሌግራሙ የልቡም የጭብጨባውም ምልክት ወረደላት። «ፀዲ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር?» አለ ቴዎ፤ ፊዚክስ ያስተምራል፤ በማኅበሩ ከእሱ የሚፈጥን የለም። ፀደንያ ባጃጅ ውስጥ ሆና ያንን አነበበችና ስልኳን ወደ ኪሷ ከተተችው።

አፋፉ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ አየች። ጣና ከታች ተኝቷል፤ ክረምቱ ያደፈረሰው ገና አልጠራም፤ የከተማው ቆርቆሮ በጠዋት ፀሐይ ያብለጨልጫል። በዚህ በኩል ኑጉ ሁሉ አብቧል። ሌላ ቅዳሜ እዚህ ላይ ቁጭ ብላ ብርቱካን ትልጥ ነበር። ዛሬ መቆም አልሆነላትም፤ ስትቆም ሐሳቡ ይደርስባታል፤ ስትሄድ ደግሞ ወንዙ ይቀርባታል። ሁለት ጊዜ የጫማዋን ማሰሪያ ፈትታ አሰረችው፤ ሁለቱንም ጊዜ ደኅና ታስሮ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ስታጎነብስ ነው መሬቱን ያየችው። አፈሩ ደረቅ ነው። የቁጥቋጦው ቅጠል ላይ የትናንት አቧራ እንዳለ ተቀምጧል። የሌሊቱ ዝናብ የሐይቁን ዳር ብቻ አጥቦ ተመልሷል፤ እዚህ ላይ አንዲት ጠብታ አልጣለም።

ላይኛው ተራራ ዘንቦ ይሆናል አለች ለራሷ፤ ከዚያ ተራራ በኩል ግን ሰማዩ ከነጋ ጀምሮ ንጹሕ ነበር።

አሮጊቷ ያው ደጃፋቸው ላይ ናቸው፤ በቆሎውም ያው ነው፤ ከሐሙስ ጀምሮ ያልተነሡ ይመስላሉ።

«እንዴት አደሩ እማማ?»

«እግዜር ይመስገን። ያች የሐሙሷ ልጅ አይደለሽም? ጭቃ የነካሽ? ደኅና ገባሽ?»

«ደኅና ገባሁ። እማማ፣ ያን ዕለት ጥቁሪት ጎድላለች ብለውኝ ነበር። አይተዋት ነበር?»

አሮጊቷ፣ እማማ የሺአረግ፣ የያዙትን በቆሎ ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «እኔ? በዚህ ጉልበቴ? ከፍልሰታ ወዲህ ወርጀ አላውቅም።»

«ታዲያ ጎድላለች ያሉኝ...»

«ምን ልበልሽ ኖሯል? ለመንገደኛ ሞልታለች ተብሎ ይነገራል? ሟርት አይሆንም?» አሮጊቷ ከልባቸው ተገርመዋል። «ለሚሄድ ሰው ደግ ደጉን ነው የሚሉት። የወንዙን ነገር ማወቅ የፈለገማ ከታች የሚመጣውን ሰው ልብሱን ያያል። እስከየት እንደራሰ ያ ይነግረዋል። ይህን እናንተ አታውቁም?»

ፀደንያ ለመሳቅ ሞከረች፤ ሳቁ አልመጣም። አሮጊቷን ልትቆጣቸው ፈለገች፤ ለቁጣ የሚሆን ነገር አጣችባቸው። እሳቸው መረቋት፤ እሷ ምርቃቱን ወስዳ በነጥብ በነጥብ ለአርባ ሰው ላከችው። ተሰናብታቸው ቁልቁለቱን ስትወርድ እግሯ ከሐሳቧ ጋር አልስማማ ብሎ ሁለት ጊዜ አንገዳገዳት።

መንገዱ እየጠበበ በኮረት ይወርዳል፤ የረገጠችው ድንጋይ ሁሉ ይንከባለላል። አጋማሹ ላይ ሁለት ሴቶችና አህያ የሚነዳ ሰውዬ ሽቅብ ሲመጡ አገኘች። ለመጀመሪያ ጊዜ የመንገደኛ ፊት ሳይሆን ታች ታቹን አየች። የሴቶቹ ቀሚስ ጠርዝ ደረቅ ነው። የሰውዬው ቁምጣ ደረቅ ነው። የአህያው ሆድም ደረቅ ነው።

«አልተሻገራችሁም?» አለች።

«ተመለስን» አለ ሰውዬው ሳይቆም። «በላይ በድልድዩ እንዞራለን።» ድልድዩ የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

ጥቁሪት የምትጮህ ወንዝ አይደለችም። ከላይ ከገደሉ ስትወርድ ትንጫጫ እንደሆነ እንጂ ማሻገሪያው ላይ ስትደርስ ትሰፋለች፤ ቡናማ ሆና፣ ለጥ ብላ፣ ዝም ብላ ትሄዳለች። ላይ ላዩን ያየ ሰው ምንም የላት ይላል። ፀደንያ አምና በኅዳር እዚህ ጫማዋን በእጇ ይዛ ጠጠሩን እያየች ተሻግራለች፤ መሃል ላይ ካለው ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ ነበር። አሁን ያ ድንጋይ የለም። የተሳሳተ ቦታ የመጣች መስሏት ግራ ቀኝ አየች። ሾላው ያው ነው፤ ማዶ ያለው የመውጫ መንገድም ያው ነው። ቆይቶ ነው የገባት። ድንጋዩ አለ፤ ከውኃው ሥር ነው።

ሾላው ሥር አንድ ሽማግሌ ረጅም ዘንግ ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ገመድ ከጎናቸው ጠቅልለው ተቀምጠዋል። የማሻገሪያው ሰው አያ ዓምደ ሚካኤል ናቸው፤ አምና በውኃ ማነስ ምክንያት ሥራ አጥተው ሰዉ ሲስቅባቸው ታስታውሳለች።

«እንዴት አደሩ አባቴ? ሌሊት ነው የሞላው?»

ሽማግሌው መልስ ከመስጠታቸው በፊት ሱሪዋን አዩ። ከዚያ በዘንጋቸው ጫፍ ከውኃው ዳር የተተከለች ችካል አሳዩዋት።

«ይችን የመስቀል ማግሥት ተከልኋት። ያን ጊዜ ውኃው እዚህ ነበር፤ ዛሬም እዚሁ ነው። ጥቁሪት የጎርፍ ወንዝ አይደለችም ልጄ። ተራራው ክረምቱን የጠጣውን ነው ቀስ እያለች የምታመጣ። ጥቅምት እስኪጋመስ ከቦታዋ አትነቃነቅም።»

«ሐሙስስ?»

«ሐሙስም እንዲሁ። ሰው አላሻገርሁም፤ ዛሬም አላሻግርም።»

ፀደንያ ችካሏን ቆማ አየቻት። አውራ ጣት የምታህል፣ ልጧ የተላጠ የወይራ እንጨት ናት፤ ወገቧ ላይ ውኃ ይልሳታል። ወደ ላይ ሮጣ ማኅበርተኞቿ ዘንድ ልትደርስ ወሰነች። አፋፉ ላይ ታገኛቸዋለች፤ አገርነሽን ለብቻ ጠርታ ትነግራታለች፤ ለሌሎቹ ደግሞ ሌላ ነገር ይፈለጋል። ለሌሎቹ የሚፈለገው ሌላ ነገር ምን እንደሆነ እያሰበች መንገድ ስትጀምር ከቁልቁለቱ ሳቅ ሰማች። ቴዎ በአቋራጭ አምጥቷቸዋል። አሥራ ሰባት ናቸው፤ ቀይ ቀይ፣ ሰማያዊ ሰማያዊ ጃኬት፤ ከፊት ቴዎ፤ ከሁሉ ኋላ አገርነሽ፤ ከአገርነሽ ፊት ደግሞ ዱላዋ ከራሷ የሚረዝም ልጅ።

«ፀዲ! እንዴት ናት ወይዘሮ ጥቁሪት?» አለ ቴዎ ከሩቅ።

መልሱ ሳታስበው ከአፏ ወጣ። «ሌሊት ሞልታለች።»

አያ ዓምደ ሚካኤል ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ወደ ችካሏ ዞረው አዩ። ይህ እይታቸው ከተናገሩት ይልቅ አቃጠላት።

ሰዉ ዳር ላይ ተደርድሮ አየ። አንዳንዱ ፎቶ አነሳ። «እንመለስ እንዴ?» ያለም ነበር፤ ፀደንያ ያንን ድምፅ ከነፍሷ ወደደችው፤ አዎ እንመለስ ልትል አፏን ስትከፍት ቴዎ ቀደማት።

«ለምን እንመለሳለን? አስቡት እስኪ። ሐሙስ ከጉልበት በታች ነበር፤ ፀዲ አይታዋለች። ሌሊት ዘነበ፤ ሞላ። የተራራ ጎርፍ እንደመጣው ነው የሚሄደው። ቢበዛ አንድ ሁለት ሰዓት ብንጠብቅ ወደ ሐሙሱ ይመለሳል።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ ልክ ነበር። «አይታዋለች» የምትለው አንዷ ቃል ብቻ ናት ያልተስተካከለችው፤ እሷን ካመኑ ደግሞ የቀረው ሁሉ እንደ ሒሳብ ይወጣል። ፀደንያ ሌሊት የተመኘችው ዝናብ መሸሸጊያ ሊሆናት ነበር፤ ሰዎቹን ወደ ውኃው የሚነዳ ሆኖ አረፈው።

«አይጎድልም» አሉ አያ ዓምደ ሚካኤል ከተቀመጡበት።

«እሺ አባባ» አለ ቴዎ በአክብሮት። ወደ ሌሎቹ ዞሮ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሥራቸው ነው። እኛ በራሳችን ከተሻገርን እሳቸው ማንን ያሻግራሉ?» ከውኃው ዳር አንድ ነጭ ድንጋይ አኑሮ፣ «ይኸው ምልክታችን» አለ።

ተቀመጡ። ዳቦ ወጣ፤ ሙዝ ወጣ፤ ቆሎ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ፀደንያ ዳቦውን ይዛ አልበላችውም። ትቀመጣለች፤ ትነሣለች፤ ችካሏን ሄዳ ታያለች፤ ተመልሳ ትቀመጣለች። አሁን ብትናገር ሰዉ እየበላ ነው። ከምግቡ በኋላ ይሻላል። ከምግቡ በኋላ ደግሞ ውኃው አልጎድል ሲል ራሱ ይመልሳቸዋል፤ ያኔ መናገሩም ላያስፈልግ ይችላል። እንዲህ እያለች ራሷን ስታሞኝ ዜማ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ፀዲ፣ ከጉልበት በታች ሲባል የማን ጉልበት ነው?»

«የትልቅ ሰው።»

ልጅቷ ነገሩን በቃል ብቻ የምትተው አልሆነችም። «ተነሽ እስኪ» አለችና አቆመቻት፤ መዳፏን የፀደንያ ጉልበት ላይ አሳርፋ፣ እጇን ሳታዘነብል በጥንቃቄ ወደ ራሷ አመጣችው። ጭኗ ላይ አረፈ። «እ» አለች ረክታ። «ጭኔ ድረስ ነው። ምንም አይልም።» እየሮጠች ለእናቷ ልትነግራት ሄደች። አገርነሽ ከሩቅ ፀደንያን አይታ ፈገግ አለችላት። ፀደንያ ዓይኗን ወደ ዳቦው መለሰች።

አምስት ሰዓት ሲሆን ቴዎ ድንጋዩን ሊያይ ወረደ። «ይኸው!» አለ። ውኃው ከነጩ ድንጋይ አንድ ጣት ያህል ሸሽቷል። ነፋሱ ወዲያ ስለገፋው ይሁን፣ ድንጋዩ ራሱ ጭቃው ላይ ስለተንሸራተተ፣ ማን ያውቃል። ችካሏ ጋ ግን ያው ነው፤ እሷን ያየ ሰው አልነበረም። «እየወረደ ነው። አሁን ቢበዛ ጉልበት፣ ትንሽ ከጉልበት ከፍ ቢል ነው። ሥሩ ጠጠር መሆኑን ፀዲ ጽፋለች። እጅ ለእጅ ተያይዘን እንገባለን።» ጫማውን አውልቆ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው፤ ሱሪውን ሰበሰበ። «ዜማ፣ ነይ ትከሻዬ ላይ። አንቺ ንግሥት ሆነሽ ነው የምትሻገሪው።»

ልጅቷ እናቷን አየች። እናቷ ፀደንያን አየች። ፀደንያ ዝም አለች፤ የዚያች ቅጽበት ዝምታ እስከ ዛሬ ድረስ ያቃጥላታል። አገርነሽም ዝምታውን እሺታ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች፤ ዜማም ትከሻው ላይ ወጣች።

«ቆይ» አሉ አያ ዓምደ ሚካኤል። ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «ጎድላለች ያለው ማን ነው ከእናንተ? ሐሙስ አየሁ ያለው?»

«እሷ ናት» አሉ ሦስት አራት ሰዎች ባንድ ላይ፤ በኩራት ጭምር ነው የተናገሩት።

«እንግዲያው እሷ ትቅደም። እኛ ዘንድ የውኃ ወሬ ያመጣ ነው ቀድሞ የሚገባ።» ገመዱን አንሥተው ወደ ፀደንያ መጡ፤ ወገቧ ላይ ሲያስሩት በጆሮዋ ዝቅ ብለው ተናገሩ። «ሌላው ጫፍ ሾላው ላይ ነው፤ መሃሉ በእጄ ነው። እስኪበቃሽ ግቢ፤ ሲበቃሽ ተመለሽ። ደረቅ ሆነሽ ብትነግሪያቸው አይሰሙሽም።»

የሚያውቁ መሆናቸውን ያኔ አወቀች። ሽማግሌው ገና ከጠዋቱ፣ ደረቅ ሱሪዋን አይተው ስለ ሐሙስ ስትጠይቅ ሲሰሙ፣ ሁሉን አውቀውት ነበር።

ዘንጉን ተቀበለችና ገባች። ቅዝቃዜው ቁርጭምጭሚቷን እንደ ሰው እጅ ያዘው። ሦስት እርምጃ፤ ጉልበቷ ደረሰ። «አላልኳችሁም?» አለ ቴዎ ከኋላዋ። ሥሩ ጠጠር አልነበረም፤ ክረምቱ ያመጣው ደለል ነው፤ እግሯን ይውጥና ለመልቀቅ ያመነታል። አምስተኛው እርምጃ ላይ ጭኗ፤ ሰባተኛው ላይ ወገቧ። ላይ ላዩን ዝም ያለችው ጥቁሪት ከሥር ዝም አላለችም፤ ሁለት እግሯን ወደ ታች አጥብቃ ትገፋለች። ፀደንያ ዘንጉን ከፊቷ ተከለች፤ እስከ መያዣው ሰመጠ። ትልቁ ጥቁር ድንጋይ ገና ፊት ለፊቷ ነው፤ ገና መሃሉ አልደረሰም። አንድ እርምጃ ጨመረች፤ ውኃው ብብቷ ሥር ደረሰና ትንፋሿን ነጠቃት። እግሯ ከደለሉ ተነቀለ። ገመዱ ወገቧን አጥብቆ ያዛት። በዚያች ቅጽበት ያየችው ነገር ቢኖር የቴዎን ትከሻ ነው፤ ትከሻውንና እላዩ ላይ ያለችውን።

እንዴት እንደወጣች በደንብ አታስታውስም። ዘንጉ በእጇ ነበር፤ ሽማግሌው ገመዱን እየጠቀለሉ ነበር። ዳር ላይ ቆመች፤ ውኃው ከሸሚዟ እየፈሰሰ ጫማዋ ሥር ተጠራቀመ። ማንም አልሳቀም።

«እንግዲህ የሌሊቱ ገና አልወረደም ማለት ነው» አለ ቴዎ፤ ድምፁ ቀዝቅዟል። «አንድ ሰዓት እንጨምርለት?»

ይህንንም ቢሆን እንደ መውጫ ልታደርገው ትችል ነበር። አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ሌላ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ መመለስ፤ የሐሙሱም ነገር ሳይታወቅ ይቀር ነበር። ፀደንያ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ አሥራ ሰባቱንም አየቻቸው።

«ሌሊት አልሞላም» አለች። «ሐሙስም እንዲሁ ነበር። እኔ ሐሙስ እዚህ አልደረስኩም። ከአፋፉ ነው የተመለስኩት። ፎቶው የአምና ነው።»

ቴዎ ዜማን ከትከሻው ቀስ ብሎ አወረዳት፤ ከዚያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ጫማ አወለቀና እንዴት እንደሚደረግ የጠፋበት ይመስል በእጁ ይዞት ቆመ። አንዱ ስልኩን አወጣ፤ ኔትወርክ እንደሌለ አይቶ መልሶ ከተተው። አገርነሽ ከኋላ መጣች። ልትጮህ ነው ብላ ፀደንያ ጠበቀች፤ ብትጮህ በወደደች። አገርነሽ አልጮኸችም።

«እኔ ግን ጠይቄሽ ነበር» አለች።

አያ ዓምደ ሚካኤል ገመዱን ጠቅልለው ወደ ሾላቸው ተመለሱ።

ዜማ ናት ወደ እሷ የቀረበችው። ፊቷ አልተቆጣም፤ የምታጣራው ነገር ያላት ልጅ ፊት ነው። ከብብቷ ሥር እርጥበቱ የፀደንያን ሸሚዝ ዙሪያውን በአንድ መስመር ለሁለት ከፍሎታል፤ ከላይ ግራጫ፣ ከታች ጥቁር። ልጅቷ ተንጠራርታ መዳፏን መስመሩ ላይ አሳረፈች። ከዚያ እንደ ቅድሙ፣ ሳታዘነብል፣ በጥንቃቄ፣ ወደ ራሷ አመጣችው።

መዳፏ በራሷ ዓይኖች ላይ አረፈ። ዓይኖቿን እንደሸፈነች እዚያው ቆመች።